ስሟ የገነነ ደራሲ

አራሚዋን የማተሚያ ቤቱ ሰዎች በስሟ አይጠሯትም። ከኋላዋ «አራት ነጥብ» ይሏታል፤ እሷ አንዴ ከተናገረች ነገሩ አበቃለት ለማለት ነው። ታውቃለች፤ አትከፋም። እንዲያውም በሆዷ ትኮራበታለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የማተሚያው ማሽን ከታች ወለሉን እያንቀጠቀጠባት፣ መስኮት ሥር በተሸጎጠች ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ የሰው ስሕተት ስትለቅም ኖራለች። ከዚያ ሁሉ ዘመን የተረፋት የደከመ ዓይንና ያልደከመ ንቀት ነው።

ስሕተት የሚሠሩትን አትንቅም። መሳሳትማ ማንም ይሳሳታል። የምትንቀው አጨብጫቢዎቹን ነው። አንድ ረቂቅ ጠረጴዛዋ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የምትገልጠው የምስጋናውን ገጽ ነው። «ይህ ችሎታ ተደብቆ መቅረት የለበትም እያላችሁ ለገፋፋችሁኝ ወዳጆቼ ሁሉ» የምትለዋን መስመር ፈልጋ ታገኝና «ወንጀለኞቹ እነዚህ ናቸው» ትላለች፣ ሰው ሰማ አልሰማ ሳትል። ከዚያ የወንጀለኞቹን ፍሬ ታነባለች። ጡረታ የወጣ ሹፌር በግጥም የጻፈው የመንገድ ደኅንነት ምክር። የጥርስ ሐኪም ሚስት ሰባት መቶ ገጽ የፈጀችበት የፍቅር ታሪክ፣ ፍቅረኛሞቹ እስከ አምስት መቶኛው ገጽ ድረስ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ «ተዪው እህቴ፣ ይቅርብሽ» ቢላት ምን ነበረበት? ግን ማን ደፍሮ? የገዛ ሥራ አስኪያጇ እንኳ ረቂቅ ይዞ የገባውን ሁሉ አንድ ገጽ ሳይገልጥ «ግሩም ነው! ገና ስይዘው ታውቆኛል!» ብሎ የሚቀበል ሰው ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ይኸው ሥራ አስኪያጅ አራት መቶ ገጽ የሚሆን ረቂቅ አምጥቶ ፊቷ ዘረገፈው።

«ግሩም ሥራ ነው» አለ።

«አንብበውታል?»

«ርዕሱን አንብቤዋለሁ።»

ርዕሱ «ትችላላችሁ!» ይላል፣ ከነቃለ አጋኖው። ከሥሩ ያለውን ስም ወዲያው አወቀችው። የድሮ ትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ነው። ተማሪው ሁሉ «ጋሽ በርቱ» የሚለው፤ በየመተላለፊያው ያገኘውን ልጅ ትከሻ ይዞ፣ ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ፣ «አንተ ትልቅ ሰው ትሆናለህ!» ብሎ የሚያልፍ፤ ልጁም ቀኑን ሙሉ መሬት ሳይነካው የሚውልለት ሰውዬ።

እሷንም አንድ ቀን ነክቷታል። ያኔ የመጨረሻው ክፍል ተማሪ ነበረች። የጻፈችው ድርሰት እጁ ገብቶ በተማሪው ሁሉ ፊት አነበበው። ሲጨርስ ወረቀቱን ወደ ላይ ከፍ አደረገና «ይቺ ልጅ ትልቅ ደራሲ ትሆናለች! ህልምሽን ተከተዪ! ማንም እንዳያቆምሽ!» አለ። ስምንት መቶ ተማሪ አጨበጨበ። እናቷ ነርስነት አስገባቻት፤ ጭብጨባው ግን ከጆሮዋ አልወጣም። በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ነጭ ጋዋኗን አጣጥፋ ለትምህርት ቤቱ መለሰችና እናቷ ቤት ገባች። አምስት ዓመት ጻፈች። የጻፈችውን ሦስት አሳታሚ መለሰባት። የመጨረሻው፣ የአሁኑ ሥራ አስኪያጅ አባት፣ ረቂቁን በእጁ እየመዘነ «ልጄ፣ ታሪኩ አልሆነም። ግን አንድ የፊደል ስሕተት አላገኘሁበትም። የሌላውን ለምን አታርሚም?» አላት። ያ ሆኖ ቀረ።

እናም ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ የዚያን ሰውዬ ስሕተት ልትለቅም ተቀመጠች። ልቧ ቅቤ ጠጣ።

አላሳፈራትም። ሰውዬው «ዓላማ» የምትለዋን ቃል በሦስት ዓይነት ፊደል ጽፏታል፤ አንድ ገጽ ላይ ሦስቱንም። የሚናገር እንጂ የሚጽፍ ሰው እንዳልሆነ ከመጀመሪያው አንቀጽ ያስታውቃል፤ ዓረፍተ ነገሩ እንደ ንግግር ይጀምርና ጭብጨባ እንደሚጠብቅ ሰው መሀል ላይ ቆም ይላል። እሷም በቀዩ እስክሪብቶ እያሳደደች ትወጋዋለች። ሁለት ቀን ሙሉ እንዲህ ስትዝናና ሰነበተች፤ ረቡዕ ከሰዓት ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ደረሰች።

ምዕራፉ «ያፈራኋቸው» ይላል። ሠላሳ አንድ የቀድሞ ተማሪዎች በተራ ቁጥር ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ምን ተብሎ እንደተበረታታና ዛሬ የት እንደደረሰ። ተራ ቁጥር አሥራ አራት ላይ የገዛ ስሟ ከነአባቷ ቁጭ ብሏል። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «በእኔ ማበረታቻ ብዕሯን አንስታ ዛሬ ስሟ የገነነ ደራሲ ለመሆን የበቃች።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችው። አጠገቧ ያለው የኮምፒውተር ጸሐፊ ቀና ብሎ አያት።

«ምን ሆነሽ ነው የምትስቂው?» አላት።

«ደራሲ ሆኜልህ» አለችው።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ሰውዬው አንዲት የስልክ ጥሪ፣ አንዲት «የት ደረሰች?» የምትል ጥያቄ አላወጣባትም። ያን ቀን በተማሪ ፊት ዘር በተነ፤ በቃ፣ በቅሏል ብሎ ደመደመ። የቀሩትን ሠላሳዎቹን አየች። ቁጥር ስድስት «ዓለም አቀፍ ሯጭ» ይላል። እሱን ታውቀዋለች። ዓለም አቀፉ ሯጭ ባለፈው ዓመት የማተሚያ ቤቱን ሽንት ቤት የጠገነው የቧንቧ ሠራተኛ ነው።

በማግስቱ የሚያፈስ ቧንቧ አለ ብላ አስጠራችው። መሣሪያውን ተሸክሞ እያነከሰ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ።

«የታለ የሚያፈሰው?»

«የሚያፈሰው እዚህ ነው» ብላ ገጹን ሰጠችው።

ቆሞ አነበበ። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ ጣቱን በመስመሩ ሥር እየጎተተ። ደሙ ሲፈላ ለማየት ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ጠበቀች። ሰውዬው ግን ፊቱ እየበራ ሄደ።

«የኔ ስም እኮ ነው!»

«ውሸቱንም አንብበው።»

«የቱን ውሸት? ሮጫለሁ እኮ!»

«ሁለት ዓመት። ያውም ጉልበትህ እስኪሰበር። ስንተኛ ነበር የምትወጣው?»

«ሃያኛ፣ ሃያ አንደኛ» አለ፣ ምንም ሳያፍር። «አንዴ አሥራ ሰባተኛ ወጥቻለሁ። አንቺ፣ ጠዋት ጠዋት ያ ሜዳ ላይ የነበረው አየር! ጋሽ በርቱ ገፍቶ ባያስወጣኝ መቼ አየው ነበር?» ገጹን ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ እንደገና አየው። «ከታተመ በኋላ አንዱን ታስቀሪልኛለሽ አይደል? ሚስቴ አታምነኝም። ለልጆቼም አሳያቸዋለሁ።»

«ልሰርዘው ነው።»

«ኧረ በእናትሽ! ምን አድርጌሽ?» ብሎ ገጹን ደረቱ ላይ ለጠፈው።

ወረቀቱን ከእጁ ለማስለቀቅ መለማመጥ ነበረባት። ሲወርድ ደረጃው ላይ እያፏጨ ነበር። ተሸውዶ የተሸወደበትን ደረሰኝ በፍሬም ሊሰቅል የሚለምን ሰው፣ አለች በልቧ፤ እሱንም ከሚናቁት ተርታ ጨመረችው።

ዓርብ ዕለት የታረመውን ክፍል ልትወስድ የዳይሬክተሩ ልጅ መጣች። አርባዎቹን ያገባደደች ፋርማሲስት ናት፤ ከሥራ ቀጥታ ስለመጣች የመድኃኒት ሽታ አብሯት ገባ። አባቷ ደረጃ ስለማይችል እሷ እንደምትመላለስለት ነግራ ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ በቀይ የተዥጎረጎሩትን ገጾች ስትገልጥ ከንፈሯ ጥግ ላይ ሳቅ ቢጤ አለ።

«ብዙ ነው ስሕተቱ፣ እትዬ?»

«ከሚቆጠረው ይበልጣል» አለች አራሚዋ። ከዚያ ነገር መፈለግ አማራትና «እኔ ቁጥር አሥራ አራት ነኝ፤ አንቺስ የትኛው ነሽ? ዝርዝሩ ላይ አጣሁሽ» አለቻት።

«እኔማ የለሁበትም።»

«ምነው? ለሰው ልጅ ሁሉ የተረፈ ማበረታቻ ላንቺ አነሰ?»

ፋርማሲስቷ ገጾቹን አስተካክላ በላስቲክ አሰረች።

«ሥዕል እስል ነበር» አለች። «ያኔ ቤታችን በነጋ በጠባ ተማሪ አይጠፋም። ሳሎን ቁጭ አድርጎ 'አንተ ትችላለህ፣ አንቺ ትችያለሽ' ሲላቸው እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አንድ ቀን ሥዕሎቼን ይዤ ሳሎን ገባሁና ተማሪው በተነሳበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አየኝ፤ 'ፋርማሲ ነው የምትገቢው፤ ይሄን ለዕረፍት ጊዜሽ ታደርጊዋለሽ' አለኝ።» ትንሽ ሳቀች። «የዕረፍት ጊዜ ግን እስካሁን አላገኘሁም። እናንተ እድለኞች ናችሁ፣ እትዬ። አንድ ቀን እንኳ 'ትችያለሽ' ተብላችኋል።»

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አራሚዋን እድለኛ ብሏት የሚያውቅ ሰው የለም።

«ቅዳሜ ቤት እመጣለሁ በይው» አለች በመጨረሻ። «ቁጥር አሥራ አራት ላይ የምጠይቀው አለኝ።»

ዳይሬክተሩ ትራስ በትራስ በተደረደረበት ሶፋ ላይ ተቀምጦ ተቀበላት። ግድግዳው ሞልቶ የምስክር ወረቀት ተሰቅሏል፤ ሥዕል ግን አንድም የለበትም። አርጅቷል፤ ድምፁ ግን ያው ነው፤ አንድ ሰው ፊቱ ተቀምጦም ለስምንት መቶ ሰው ይናገራል።

«ማተሚያ ቤት ነሽ አሉኝ! ጎበዝ! ገና ብዙ ትደርሻለሽ!»

«ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው» አለችው። «አያውቁኝም አይደል?»

አላወቃትም። ስሟን ነገረችው። ዓይኑ አንድ አፍታ ባዶውን ቆየና ድንገት ቦግ አለ። «ደራሲዋ!»

«ደራሲ አይደለሁም። አራሚ ነኝ። መጽሐፌን ማንም አላተመልኝም። ነርስነቴንም ጥዬ ወጥቼ ነው የቀረሁት። መስመሩን ሰርዣለሁ፤ ወይም 'አራሚ' ብለው ያስተካክሉት።»

ይጸጸታል ብላ ጠበቀች፤ ቢያንስ ይደነግጣል። እሱ ግን እንደ ነጋዴ ያሰላ ነበር።

«ልጄ፣ አንባቢው ምን ይላል?» አለ። «ሠላሳ አንዱም በእውነት የሆኑትን ብጽፍ ማን ይበረታታል? ዶክተሩ አለ፤ ቁጥር ሁለት፤ የእውነት ቀዶ ሐኪም ነው፤ እናቱ አትክልት ሻጭ ነበረች፤ እኔ ነኝ 'ትችላለህ' ያልኩት። እሱን ለማግኘት ሌሎቹንም 'ትችላላችሁ' ማለት ነበረብኝ። ማንኛው እንደሚበቅል በምን አውቃለሁ?»

«ያልበቀልነውስ?»

«እናንተም ኖራችኋል፤ ምን ሆናችሁ?»

«ለልጅዎስ ለምን አላሏትም?»

ሰውዬው በግልጽ ተገረመ፤ እንዲህ ቀላል ነገር እንዴት አይገባትም ብሎ።

«የሌላ ሰው ልጅ ቢወድቅ እቤቱ ነው የሚወድቀው» አለ። «የኔ ልጅ ብትወድቅ እኔ ላይ ነው የምትወድቀው።»

ፋርማሲስቷ በሩ ላይ ሻይ ይዛ ቆማ ነበር። ሰማች። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም፤ ሻዩን አስቀምጣ፣ አባቷ ጉልበት ላይ ፎጣ አልብሳ ወጣች። አራሚዋ ሻዩን ሳትነካ ተነሳች። በሕይወቷ ብዙ ሰው ንቃለች፤ እንደዚያ ቀን ግን አጥብቃ የናቀችው የለም።

ሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጁ የሰረዘችውን መስመር በገዛ እጁ መለሰው። «ደራሲው የፈለገው ነው የሚታተመው፤ ከዚህ ቤት ማን ደራሲ አስከፍቶ ያውቃል?» አላት። «ትችላላችሁ!» ታተመ። አራሚዋ ደራሲ ሆና ወጣች፣ በአንድ ሺህ ቅጂ።

የመጽሐፉ ምረቃ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በከተማው ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ሆነ። ላለመሄድ ምላ ነበር፤ ሄደች። ጉዱን ሳላይ አልቀርም ብላ ኋለኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፊት ለፊት የቧንቧ ሠራተኛው ሙሉ ልብስ ለብሶ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን አሰልፎ ተቀምጧል። ፋርማሲስቷ የአባቷን የመድኃኒት ሰዓት እያየች ጥግ ላይ ቆማለች። ቀዶ ሐኪሙ አልመጣም፤ ሥራ በዝቶበታል ተባለ። ዳይሬክተሩ ማይክራፎኑን ሲይዝ ዕድሜው ከላዩ ረገፈ። «ህልማችሁን ተከተሉ! ማንም እንዳያቆማችሁ!» ሲል ወጣቱ ሁሉ አጨበጨበ። ቃሉ አንዲት አልተለወጠችም። እሷ በልቧ ሥርዓተ ነጥቡን ሳይቀር አብራ አነበነበችው።

ከዚያ ያልጠበቀችው ሆነ። «እነሆ ምስክሬ!» አለና በእጁ ወደ ኋላ አመለከተ። «ስሟ የገነነው ደራሲ እዚሁ አለች! ነይ ልጄ፣ ለወጣቶቹ አንድ ቃል በያቸው!»

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ሥራ አስኪያጁ በዓይኑ ለመናት። ተነሳች፤ እየተራመደች ፊት ወጣች፤ ማይክራፎኑን ተቀበለች። አሁን አገኘሁህ አለች በሆዷ።

«ደራሲ አይደለሁም» አለች ድምፅዋን ሳታነሳ። «አራሚ ነኝ። አምስት ዓመት ጻፍኩ፣ አልሆነልኝም። ከዚያ ወዲህ የሌላ ሰው ስሕተት ነው የማርመው። ይህንንም መጽሐፍ ያረምኩት እኔ ነኝ፤ ስለኔ የተጻፈው ውሸት ነው።»

ቀጥሎ አንዲት ሴት ከመሀል «እንዴት ያለ ትሕትና ነው!» አለች። ጭብጨባው እንደ ዝናብ ወረደ። ሰው ከወንበሩ ተነሳ። የቧንቧ ሠራተኛው ሁለት ጣቱን አፉ ከትቶ አፏጨላት። ዳይሬክተሩ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ «አያችሁ? ትልቅ ሰው እንዲህ ነው!» አለ። ማይክራፎኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ማንንም ሳታይ፣ በጎን በር ወጣች።

መተላለፊያው ላይ አንዲት ወጣት ተከትላ ደረሰችባት። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ደብተር ይዛለች።

ይኸው መጣ፣ አለች አራሚዋ፤ ያው የኔ በሽታ። ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «ምን ትማሪያለሽ?» አለቻት፣ ሰላምታም ሳትሰጥ።

«ቅየሳ። የመሬት ልኬት። ሁለተኛ ዓመት ነኝ።»

«ልታቋርጪው ነው?»

ልጅቷ ዓይኗን አጉረጠረጠች። «ለምን ብዬ?»

«ህልማችሁን ተከተሉ ሲል አልሰማሽም?»

«ሰማሁ። እንደዚያ የማይል ማን አለ?» አለች ልጅቷ። «እኔ እርስዎን የፈለግኩት አራሚ ነኝ ስላሉ ነው። አጭር ታሪክ ጽፌ ነበር፤ ፊደሌ ይበላሻል። ፊደሉን ብቻ ቢያዩልኝ።»

«ጥሩ ነው ወይ ብለሽ አትጠይቂኝም?»

«አይ፣ ፊደሉን ብቻ።»

ደብተሩን ተቀበለች። አውቶቡስ ውስጥ ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠችው ሳትገልጠው ሄደች። እንደዚያ የማይል ማን አለ! እሷ አንድ ሕይወት የሰጠችበትን ቃል ይቺ ልጅ እንደ «እንደምን አደርሽ» ሰምታው አልፋለች። ተማሪው ሁሉ የተሰበሰበበትን ያን ቀን ቃል በቃል አስታወሰችው፤ ዛሬም ለእርማት እንደመጣ ገጽ ፊቷ ተዘርግቶ ታየው ነበር። «ህልምሽን ተከተዪ» አለ። «ማንም እንዳያቆምሽ» አለ። «ነርስነቱን ተዪ» የሚል መስመር ፈለገች፤ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበች። የለም። ያቺ መስመር የሷ ናት። እናቷ ደጃፍ ላይ ቆማ «ቢያንስ ጨርሰሽው ውጪ፣ የኔ ልጅ» ስትላት «ዳይሬክተሩ ብሎኛል!» ብላ የጮኸችባት እሷ ራሷ ናት። ሰውዬው ይናቃል፤ ስለዚያ ሐሳቧን አልቀየረችም። ግን ከሱ ጎን አሁን አንዲት ጋዋኗን አጣጥፋ የምትመልስ ልጅ ቆማለች፤ እሷንም ስትንቃት አንጀቷ አልችል አለ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ደብተሩን እሑድ ከሰዓት አነበበችው። አብዛኛው ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ ነው። ሰባተኛው ገጽ ላይ ግን አንዲት እናት የሟች ባሏን ጫማ ለጎረቤት ሰጥታ፣ ጎረቤቱ በደጇ ባለፈ ቁጥር ከኮቴው ድምፅ ለመሸሽ ሬዲዮ ትከፍታለች። አራሚዋ እዚያ ላይ እጇ ቆመ። ፊደሉን አረመች፤ ሌላ ምንም አልጻፈችም።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ልጅቷ መጣች። ደብተሩን ቆማ ገለጠች፣ ቀዩን ሁሉ አየች፣ «ይሄ ሁሉ?» ብላ ሳቀች፣ አመስግና ወጣች። ምንም አልጠየቀችም። አራሚዋ ለትንሽ ጊዜ ጠረጴዛዋን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ፣ የኮምፒውተር ጸሐፊው ዓይኑን ማመን እስኪያቅተው ድረስ፣ ተነስታ ወደ ደረጃው ሮጠች።

«አንቺ ልጅ!» ብላ ቁልቁል ተጣራች።

ልጅቷ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆማ ቀና አለች።

«ሰባተኛው ገጽ» አለች አራሚዋ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ሬዲዮው። እሱ ጥሩ ነው።»

«አዎ፣ አውቃለሁ» አለች ልጅቷ፤ ክፍል እንደረፈደባት ተናግራ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች።